«ከዓለም ምርጥ» የተባለን ምግብ ቤት ማመን ይገባል?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ነዋሪ ነኝ። ከዱባይ ልብስ እያመጣሁ እዚሁ ከተማችን፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ እሸጣለሁ። ልጄ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ስለተመረቀችልኝ በሚቀጥለው የዕቃ ጉዞ አብራኝ ትሄዳለች፤ የንግድ ሸሪኬም አብራን ናት። ልጄ ምርቃቷን እዚያው ዱባይ ‹ከዓለም ምርጥ› ከተባሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ እንድናከብር ትፈልጋለች። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። አንዱ ዝርዝር የሚያስቀድመውን ሌላው ወደ ታች ያወርደዋል፤ ኮከብ የሚሉትም ነገር አልገባኝም። ሸሪኬ ሙስሊም ናት፤ እኔም ጾም አልሽርም። እነዚህን ዝርዝሮች አምኜ ገንዘቤን ላውጣ? እዚህ ከተማችን ውስጥስ ‹የዓመቱ ምርጥ› የሚል ሰሌዳ በራቸው ላይ የሰቀሉት ይታመናሉ?» እናት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለልጅዎ ምርቃት እንኳን ደስ ያለዎት። ጥያቄዎን በጣም ወድጄዋለሁ። እርስዎ በንግድ የኖሩ ሰው ስለሆኑ «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ብቻውን ገንዘብ እንደማያስወጣ ያውቃሉ፤ ጨርቁን በእጅዎ ሳይዳስሱ እንደማይከፍሉ ሁሉ ምግብ ቤቱንም ለመዳሰስ መፈለግዎ ትክክል ነው።

አጭሩ መልሴ የሚከተለው ነው። እያንዳንዱን ዝርዝር እርሱ ራሱ በለካው ነገር ልክ ይመኑት፤ ከዚያ አልፈው አይመኑት። የለካውን ለማወቅ ደግሞ ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ፈራጁ በእርግጥ በልቷል ወይ፣ ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው፣ ነጥብ የተሰጠውስ ለምኑ ነው። በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሲፈተሹ በልጅዎ ስልክ ላይ አንድ ዓይነት የሚመስሉት ዝርዝሮች እርስ በርሳቸው እጅግ የተራራቁ ሆነው ያገኟቸዋል።

ግራ ካጋባዎት የኮከብ ነገር ልጀምር። እኛ አገር ኮከብ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን የሆቴል ኮከብ ነው። የቀድሞው የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ለአዲስ አበባ ሆቴሎች ደረጃ ሲያወጣ የመዘናቸው እንደ መኝታ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤት፣ ደኅንነትና መስተንግዶ ያሉትን ነው፤ ከፍተኛውም አምስት ኮከብ ነው። ሚሽሊን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለምግብ ቤት የሚሰጠው ኮከብ ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከፍተኛው ሦስት ሲሆን የሚሰጠውም ሳህኑ ላይ ለቀረበው ምግብ ብቻ ነው። ስለዚህ «ባለ አምስት ኮከብ ምግብ ቤት» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ምግቡ ሳይሆን ሕንፃው እየተወደሰ መሆኑን ይወቁ።

ሚሽሊን የመኪና ጎማ ፋብሪካ ነው። አንድሬና ኤድዋር ሚሽሊን የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1900 ለመንገደኛ መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ በነፃ ማደል የጀመሩት፣ መኪና ያለው ሰው ብዙ እንዲጓዝና ጎማውንም ቶሎ እንዲጨርስ ነበር። በ1926 ኮከብ መስጠት ጀመሩ፤ በ1931 ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ያለውን ደረጃ አወጡ። የደረጃዎቹ ትርጉም እስከ ዛሬ የመንገደኛ ቋንቋ ነው፤ አንድ ኮከብ በመንገድህ ላይ ካለ ቁምበት፣ ሁለት ኮከብ ከመንገድህ ወጣ ብለህ ሂድበት፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ ለእርሱ ብለህ ከቤትህ ተነሥተህ ተጓዝ ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎ ዱባይ የሚሄዱት ለዕቃ ነው፤ ምግብ ቤቱ በመንገድዎ ላይ ነው። ስለዚህ በሚሽሊን በራሱ አነጋገር እንኳ አንድ ኮከብ ያለው ቤት ለእርስዎ ከበቂ በላይ ነው፤ ሦስት ኮከብ ፍለጋ ገንዘብ የሚከሰክሱበት ምክንያት የለም።

የሚሽሊን መርማሪዎች የኩባንያው ደመወዝተኞች ናቸው። ማንነታቸውን ሳይገልጹ እንደማንኛውም ደንበኛ ገብተው ይበላሉ፤ ሒሳቡንም ኩባንያቸው ይከፍላል። የሚመዝኑት አምስት ነገር ነው፦ የጥሬ ዕቃውን ጥራት፣ የአሠራሩን ብቃት፣ የጣዕሙን መስማማት፣ የሼፉ የራሱ አሻራ በምግቡ ላይ መታየቱን፣ በመጨረሻም ምግቡ ዛሬም ነገም ያው መሆኑን። የጠረጴዛ ልብስና የብርጭቆ ውበት በኮከቡ ውስጥ አይቆጠሩም። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2016 በሲንጋፖር የገበያ አዳራሽ ውስጥ ዶሮ በሩዝ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ መደብ ኮከብ ያገኘው፤ ምግቡ የሚሸጠው በሁለት የሲንጋፖር ዶላር አካባቢ ነበር። እኔ በግሌ ከሁሉም ዝርዝሮች አስበልጬ የማምነው ይህን ዓይነቱን አሠራር ነው። የበላው ሰው ይታወቃል ባይባልም መብላቱ ይታወቃል፤ የከፈለው ምግብ ቤቱ አይደለም፤ የተመዘነውም ነገር በግልጽ ተነግሯል።

ይህ ማለት ግን እንከን የለውም ማለት አይደለም። ፓስካል ሬሚ የተባለ የቀድሞ መርማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 የመርማሪዎቹ ቁጥር ሰው ከሚያስበው እጅግ ያነሰ እንደሆነና ሁሉም ቤት በየዓመቱ እንደማይጎበኝ በአደባባይ ተናግሯል፤ ኩባንያው አስተባብሏል። ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚበጀን መርማሪዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ ነው። ሚሽሊን ወደ ብዙ አዳዲስ አገሮች የገባው ከአገሮቹ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ጋር እየተዋዋለ ነው፤ ለምሳሌ የታይላንድ ቱሪዝም ባለሥልጣን ለአምስት ዓመት 4.4 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማምቷል። ዱባይም እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያውን የሚሽሊን ዝርዝር ያወጣችው በከተማዋ የኢኮኖሚና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አጋርነት ነው። ኩባንያው ክፍያው ኮከብ አይገዛም ይላል፤ እኔም ይገዛል አልልም። ነገር ግን መርማሪ ያልተላከበት አገር ምግብ በዝርዝሩ ውስጥ ሊኖር አይችልም። በኢትዮጵያ የሚሽሊን ኮከብ ያለው ምግብ ቤት የለም፤ ይህ ስለ ምግባችን የሚናገረው አንዳች ነገር የለም፤ ማንም መጥቶ አልቀመሰውምና።

ልጅዎ «ከዓለም ምርጥ» ያለችው ምናልባት ሌላውን፣ «የዓለም 50 ምርጥ ምግብ ቤቶች» የሚባለውን ዝርዝር ሳይሆን አይቀርም። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ የእንግሊዝ የምግብ ቤት ንግድ መጽሔት የተጀመረ ሲሆን አሠራሩ ከሚሽሊን ፈጽሞ የተለየ ነው። በዓለም ዙሪያ የተመረጡ ከ1,000 በላይ ሼፎች፣ የምግብ ጸሐፊዎችና ብዙ የሚጓዙ ተመጋቢዎች እያንዳንዳቸው የወደዷቸውን ምግብ ቤቶች ስም ይሰጣሉ፤ ድምፁ ይደመራል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው አንደኛ ይባላል። መራጩ ባለፉት 18 ወራት ውስጥ በዚያ ቤት መብላት አለበት ይባላል፤ ነገር ግን ምን መመዘን እንዳለበት የሚያዝ መስፈርት የለም፤ ሒሳቡን ራሱ መክፈል አለበት የሚል ግዴታም የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፍቀዱልኝ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። ሐረርጌ ቡና ሲቀመስ ቀማሹ ፊት የሚቀርበው ናሙና የማን እንደሆነ አይነገረውም፤ ከቀረበው ጭነት ሁሉ ናሙና ይወሰዳል፤ ያው ቀማሽ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ይቀምሳል። ስለዚህ ይህኛው ከዚያኛው ይበልጣል ሲል ሁለቱንም ቀምሶ ነው። በሃምሳዎቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ሃያኛውንና ሠላሳኛውን ሁለቱንም የቀመሰው መራጭ ጥቂት ነው፤ አንዱን የበላው ሊማ ሄዶ፣ ሌላውን የበላው ባንኮክ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው ስንት መራጭ ወደዚያ ከተማ ሄዶ እንደበላና እንደወደደ ነው። ብዙ ሰው የማይሄድበት ከተማ ያለ ድንቅ ቤት፣ የበሉበት ሁሉ ቢያመሰግኑት እንኳ፣ ድምፁ ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቤት በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ ብዙ የተጓዙና ብዙ የበሉ ሰዎች እንደወደዱት ይነግርዎታል፤ ይህም ዋጋ ያለው ምስክርነት ነው። ሰባተኛ መሆኑ ከአሥራ ዘጠነኛው መብለጡን ግን አይነግርዎትም። ቁጥሩን እርሱት ብዬ በሙሉ ልቤ እመክርዎታለሁ።

ይህን የሚያሳዩ እውነተኛ ምሳሌዎች አሉ። ኖማ የተባለው የኮፐንሃገን፣ ዴንማርክ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010፣ 2011፣ 2012 እና 2014 በሃምሳዎቹ ዝርዝር የዓለም አንደኛ ተብሏል፤ ሚሽሊን ሦስተኛውን ኮከብ የሰጠው ግን በ2021 ነው። ለእርስዎ የሚቀርበው ደግሞ ዱባይ ያለው ኦርፋሊ ብሮስ ነው። ሦስት የሐለብ ተወላጅ ሶርያውያን ወንድማማቾች የከፈቱት ይህ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 በመካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ ሃምሳ ምርጦች ዝርዝር አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የዱባይ ሚሽሊን ግን አንድም ኮከብ አልሰጠውም፤ ያስቀመጠው «ቢብ ጉርማንድ» በሚባለው፣ ጥሩ ምግብ በመጠነኛ ዋጋ ለሚያቀርቡ ቤቶች በሚሰጠው ምድብ ነበር። ኮከብ ያገኘው በ2024 ነው። አንዱ ዝርዝር የሚያስቀድመውን ሌላው ወደ ታች ያወርደዋል ያሉት ይኸው ነው። ማንም አልዋሸም፤ ሁለቱ የለኩት ነገር የተለያየ ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከ2019 ጀምሮ አንድ ጊዜ የዓለም አንደኛ የሆነ ቤት ከውድድሩ ወጥቶ በተለየ የክብር መዝገብ ይቀመጣል። ስለዚህ የዘንድሮው «የዓለም ምርጥ» ማለት እስከ ዛሬ ካላሸነፉት መካከል ብዙ ድምፅ ያገኘው ማለት ነው። ቶኪዮ የሚገኘው የጂሮ የሱሺ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2019 ከሚሽሊን ዝርዝር የወጣው ምግቡ ተበላሽቶ አይደለም፤ ለማንኛውም ሰው ቦታ ማስያዝ ስለተወ ብቻ ነው። ዝርዝር የራሱ ደንብ አለው፤ አንድ ቤት በዝርዝር መግባቱም መውጣቱም ሁልጊዜ ስለ ድስቱ አይደለም።

ስለ ኢንተርኔቱ የሕዝብ አስተያየትና ኮከብ ብዙ አልልም፤ የማምነው ከሁሉ አሳንሼ ነው። ኡባ በትለር የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2017 በግቢው ውስጥ ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ ምግብ ቤት ናት ብሎ ትሪፕአድቫይዘር በተባለው የአስተያየት ድረ ገጽ ላይ አስመዘገበ፤ ወዳጆቹ በሐሰት ምስጋና እየጻፉላት፣ አንድም ደንበኛ ሳይበላባት ከ18,000 በላይ ከሚሆኑት የለንደን ምግብ ቤቶች አንደኛ ሆነች። ሰዎች ለምን እንዲህ ያለ ነገር ይሠራሉ ቢሉ ገንዘብ ስላለው ነው፤ ማይክል ሉካ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ በአሜሪካ ሲያትል ባጠኑት ጥናት የልፕ በተባለው ሌላ የአስተያየት ድረ ገጽ ላይ የአንድ ኮከብ ጭማሪ የአንድን ቤት ገቢ ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጠቃሚው ጽሑፉ ነው። ልጅዎ የኮከቡን ቁጥር ትታ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡትን ሰዎች ጽሑፍ ታንብብ፤ አንዱ የጠላው ምክንያት ለእናንተ የምትወዱት ሊሆን ይችላል። «መጠጥ አያቀርቡም» ብሎ ያማረረ ሰው ለሸሪክዎ መልካም ዜና ነው የነገራት።

የከተማችንን ሰሌዳ በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ፦ ሰሌዳውን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ተወዳዳሪዎቹ ስንት እንደነበሩ፣ ለመመዝገብ ተከፍሎ እንደሆነ ባለቤቱን በትሕትና ይጠይቁት። መልስ ካለው ያክብሩት። ከሌለው ሰሌዳውን እንደ ግድግዳ ጌጥ ይዩት። ይህ እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሮቢን ጎልድስታይን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ሚላኖ ውስጥ አለ ብሎ ለፈጠረው፣ ከወረቀት በቀር በምድር ላይ ለሌለ ምግብ ቤት፣ የወይን ጠጅ ዝርዝሩን ልኮና 250 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ከፍሎ ከአንድ ታዋቂ የወይን መጽሔት የክብር ሽልማት አግኝቶለታል።

ድሬም ሆነ ሐረር ውስጥ ያለ ሰው ስለ ዝርዝር ሲያስብ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ ስለ ከተሞቻችን ምግብ በኢንተርኔት ላይ ከሚጽፉት ብዙዎቹ ለአንድና ለሁለት ሌሊት የመጡ እንግዶች ናቸው። እንግዳ የሚበላው ባረፈበት ሆቴል ወይም አስጎብኚው በወሰደው ቤት ነው። ስለዚህ ሆቴሎቹ ከላይ ይወጣሉ፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ ጠዋት ጠዋት ፈጢራ የሚጋግረው ሰው ግን ከነመኖሩም አይመዘገብም። ሥራውን ቀርበው ያዩት እንደሆነ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ድቡልቡሉን ሊጥ ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ እየመታ፣ ከዚያም ጠርዙን በጣቶቹ እየሳበ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ያሳሳዋል፤ እንቁላሉን መሐል ላይ ያፈስሳል፤ አራቱን ጫፍ እንደ ፖስታ አጥፎ በጋለው ብረት ላይ ያሳርፈዋል፤ ሲገለበጥ ላዩ ተሰነጣጥቆ ውስጡ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል፤ በመጨረሻ ከትፎት ማር ያፈስስበታል። ሊጡ ሳይቀደድ፣ እንቁላሉ ሳይደርቅ፣ ዛሬም ነገም ያው ሆኖ መውጣቱ ከሚሽሊን አምስት መስፈርቶች ቢያንስ ሁለቱን በሚገባ ያሟላል ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው የዱባዩን እራት ለማጣጣል አይደለም፤ ልጅዎ ጥሩ ምግብ የምትለይበት አፍ በቤቷና በከተማዋ እንደተሠራላት እንድታውቅ ነው። እዚያም ስትቀመጥ በራሷ ምላስ ትፍረድ።

እኛ ዘንድ የነበረውና ያለው የምክር መንገድ ሰውን መጠየቅ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ የከባድ መኪና ሾፌር የሚቆምበት ቤት ምግቡ ጥሩ ነው ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ሾፌሩም የራሱ ሚዛን አለው። ምግቡ ቶሎ እንዲመጣ፣ እንዲያጠግብ፣ መኪናው የሚቆምበት ሰፊ ቦታ እንዲኖር ይፈልጋል። የእርስዎ ደግሞ የልጅ ምርቃት ነው፤ መቸኮል የለም። ከሰው ምክር ስትቀበሉም ሰውየው ምን ፈልጎ እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን የትኛውም ዝርዝር ወደማይቆጥረው፣ ለእናንተ ግን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። እርስዎ ጾም አይሽሩም፤ ሸሪክዎ ሙስሊም ናቸው። በእኛ ከተማ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሠርጉም በለቅሶውም ድንኳን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ይሠራል፤ ማንም ማንንም ሳያስቀይም ይበላል። ዱባይ ግን ምግብ ቤቱ ያ ልማድ የለውም። በዱባይ የሚቀርበው ሥጋ በአብዛኛው ሐላል ስለሆነ በዚያ በኩል ሸሪክዎ ብዙ ላይቸገሩ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ በታላላቅ ሆቴሎች ውስጥ ያሉ ቤቶች መጠጥ ስለሚያቀርቡ ወይን ጠጅ በስጎው ወይም በጣፋጩ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አንዳንዶቹም የአሳማ ሥጋ ለብቻው ያቀርባሉ። እርስዎ ደግሞ በልማዳችን መሠረት ሥጋውን ላይበሉት ይችላሉ፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ጉዞው በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ ላይ ከዋለ፣ ወተቱም ቅቤውም እንቁላሉም አይሆንዎትም። ልብ ይበሉ፣ በእንዲህ ያሉት ቤቶች ብዙ ጊዜ ምግብ መርጦ ማዘዝ የለም፤ ሼፉ ያሰናዳውን ከአሥር የሚበልጥ ትናንሽ ሳህን በተራ ያቀርባል፤ የሁሉም ሰው ገንዘብ እኩል ነው። ከአሥሩ ሳህን ስድስቱን ሳይነኩ የሚመልሱ ከሆነ፣ ቤቱ የዓለም አንደኛ ቢሆን ለእርስዎ ምን ይረባዎታል?

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ብዙዎቹ ታላላቅ ቤቶች አስቀድሞ ከተነገራቸው ከእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ የጸዳ ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ይህም የጾም ምግብ ማለት ነው። የዓሣና የአትክልት ዝግጅት ደግሞ፣ የጾም ቀን እስካልሆነ ድረስ፣ ሦስታችሁም ከአንድ ገበታ አብራችሁ የምትበሉት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማጣሪያችሁ ይህ ይሁን፤ ኮከቡ በኋላ ይምጣ።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ በግልጽ ልናገር። በሦስት ኮከብና በሃምሳዎቹ ዝርዝር ጫፍ ላይ ያሉት የዱባይ ቤቶች ለአንድ ሰው ከብዙ መቶ እስከ ከሺህ ድርሃም በላይ ያስከፍላሉ፤ መጠጡ፣ አንዳንዴም ውኃው፣ በላዩ ላይ ይታሰባል። ይህን ለሦስት ሰው ሲያባዙት የንግድ መነሻዎን የሚነካ ከሆነ አያድርጉት፤ ልጅዎም ይህን የማትረዳ አይመስለኝም። እኔ ብሆን የምመርጠው ቀደም ብዬ ስሙን ያነሣሁትን የቢብ ጉርማንድ ምድብ ነው። ሚሽሊን ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚሰጠው እነዚያው ማንነታቸውን የማይገልጹ፣ ሒሳባቸውን የሚከፍሉ መርማሪዎች በልተው ነው፤ ልዩነቱ ዋጋም አብሮ መመዘኑ ነው። ከዝርዝሮች ሁሉ እንደ እርስዎ ያለችን በላቧ የምትሠራ እናት አስቦ የተዘጋጀ ቢኖር እርሱ ነው። ልጅዎ ኮከብ ያለው ቤት ካልሆነ ብላ ብትጸና ደግሞ ምሳ የሚሰጡትን ፈልጉ፤ በብዙ ቤቶች የምሳው ዝግጅት ከእራቱ ያጠረና የረከሰ ሲሆን የሚያበስለው ያው ሼፍ ነው።

ምርጫውን ለልጅዎ ይስጡ፤ ምርቃቱ የእርሷ ነው። ነገር ግን እንደ እርስዎ ነጋዴ ሆና ትምረጥ። ከሁለቱም ዝርዝሮች ላይ የሚገኙ፣ ዋጋቸው አቅማችሁን የማያልፍ ሦስት ወይም አራት ቤቶች ትለይ፤ ቁጥራቸውን ከቁም ነገር አትቁጠረው። ዝርዝሮቹ በየዓመቱ ስለሚለወጡ የዘንድሮውን ታንብብ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቤት በጽሑፍ ትጠይቅ፦ ሥጋው ሐላል ነው ወይ፣ በምግቡ ውስጥ ወይን ጠጅ ይገባል ወይ፣ ለአንዷ እንግዳ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የሚሠራ ሙሉ ዝግጅት አለ ወይ፣ ከነታክሱና ከነሰርቪስ ቻርጁ የአንድ ሰው ሒሳብ ስንት ይሆናል፣ ቀጠሮ ብንሰርዝ ከካርዳችን ምን ያህል ይቆረጣል። የመጨረሻውን አትርሳው፤ ብዙዎቹ ቤቶች ቦታ ሲያስይዙ የባንክ ካርድ ይጠይቃሉ፤ ሳይነገራቸው የቀረ እንግዳ ይቀጣል። ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥርት ያለ መልስ የሰጠውን ቤት ምረጡ። «ስትመጡ እናያለን» ያለውን፣ ምንም ያህል ኮከብ ቢኖረው፣ ሰርዙት።

ቦታውን ከድሬ ሳትነሡ አስይዙ፤ የታወቁት ቤቶች ከሳምንታት በፊት ይሞላሉ። ቀኑን ስትመርጡ ደግሞ ደይራ ውስጥ ዕቃ የምትሰበስቡበትንና ካርጎ የምታስጭኑበትን ቀን ተዉት። እንዲህ ያለው ማዕድ ሁለትና ሦስት ሰዓት ያስቀምጣል፤ ቀኑን ሙሉ በእግርዎ ቆመው የዋሉ እንደሆነ አምስተኛው ሳህን ሳይደርስ እንቅልፍ ይጥልዎታል። ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ ባለው ቀን፣ ሒሳብዎን ከዘጉና የተረፈዎትን ካወቁ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ።